ምድር ትወፍራለች ያልኩበት ዓመት

ስም አልጠራም። ከሰዎቹ ገሚሶቹ ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ግን አሉ። በሕይወት ካሉት አንዷ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ስታገኘኝ አንገቴን አቅፋ ትስመኛለች፤ እኔም ጉንጬን እሰጣታለሁ። ሆሳዕና ጉንጭ ተከልክሎ የሚኖርባት ከተማ አይደለችም። መጻፍ ግን ይቻላል።

ያን ጊዜ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር። ቀይ ሽብር አልፏል ይባላል፤ ለማን እንዳለፈ እንጃ። የመንግሥት ላንድሮቨር በአጥራችን ሥር ሲያልፍ የመምህራን ክፍል ውስጥ ወሬ ይቋረጥ ነበር። ሻይ የሚያማስል ሰው ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ያቆመዋል። ድምፁ ወደ ገበያው ሲርቅ ያው ሰው ካቆመበት ቃል ይቀጥላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። የሚነጋገር ሰው ፈርቻለሁ ማለቱ ነው፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ የሚፈራበት ምክንያት አለው ይባላል።

ስለ አህጉራት ኮሌጅ የተማርኩት ጥቂት ነበር። ምድር ድሮ የጋለች ነበረች፣ እየቀዘቀዘች ስትሄድ ላይዋ እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጨማደደ፣ ተራሮች የዚያ ሽብሽብ ናቸው፤ ይኸው ነው። አህጉራት ግን ከተፈጠሩበት ቦታ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። አንድ መምህራችን ብቻ፣ ሰዓቱ አልቆ መጽሐፉን እየዘጋ፣ የአፍሪካን ምዕራብና የደቡብ አሜሪካን ምሥራቅ አይተው ድሮ አንድ ነበሩ የሚሉ ሰዎች አሉ ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው በቃን። ማንም ደብተሩ ላይ አልጻፈውም፣ እኔም ጭምር።

ከኮሌጅ በኋላ ሆሳዕና መጽሐፍ አልነበረም። የነበረው የማርክስና የሌኒን ነው፤ እሱ እንደ ልብ ነው። እኔ ስለ ምድር ያነበብኩትን ያነበብኩት ከጨው ላይ ነው።

ጨው የምገዛው ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ ነበር። ሙስሊም ናቸው፣ እንደ እኔ ቤተሰብ። አባቴ ከገጠር በርበሬ ሊሸጥ ሲመጣ እሳቸው ዘንድ ያርፍ ስለነበር ከልጅነቴ ያውቁኛል፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ስኳር ደብቀሃል ተብለው ሦስት ወር ታስረው ወጥተዋል። ከወጡ ወዲህ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው አይቻቸው አላውቅም፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያስተናግዱት። ስለ እግራቸው የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያኔ ሱቅ ሁሉ ጨውና በርበሬ በአሮጌ ወረቀት ጠቅልሎ ነበር የሚሸጠው። አንድ ቀን ቤት ገብቼ ጨዉን ዕቃው ውስጥ ገለበጥኩና ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔን ያዘው። ካርታ ነው። ግን የየብስ ካርታ አይደለም። የአትላንቲክ ውቅያኖስ ውኃው ተቀድቶ ያለቀ ይመስል ወለሉ ተራቁቶ ይታያል፤ ሰማያዊ፣ ከቀላል እስከ ጥቁር ሰማያዊ። መሐል ለመሐል፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ፣ እንደ ቀሚስ ስፌት የሚሄድ የተራራ ሰንሰለት አለበት። እንዲህ ያለ ተራራ መኖሩን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጨው የበላው ጠርዝ ላይ በእንግሊዝኛ፣ የባሕሩ ወለል የሚወለደው እዚህ ነው ይላል።

በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ።

«ይህ ወረቀት ከየት መጣ፣ ጋሼ?»

«ከጨው ጋር ነው የሚመጣው» አሉ። «ምነው፣ ጨዉ አነሰሽ?»

እውነቱን ግን ነገሩኝ። መርካቶ ያለ ዘመዳቸው፣ ፈረንጆቹ ጥለውት ከሄዱት ቢሮ የተሸጠ ወረቀት በጆንያ ገዝቶ ልኮላቸው ነበር። የአሜሪካ መጽሔቶች ናቸው። ሦስት ጆንያ ከጓዳ ነበራቸው። ሰማያዊ ሥዕል ያለበትን ገጽ እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ሰማያዊን ግን የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ከባንኮኒው ሥር አንድ ወይም ሁለት ገጽ አጥፈው ከጨዉ ጋር ይሰጡኝ ነበር። አንዳንዱ የባሕር ሥዕል ሳይሆን የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል። እሱንም አመሰግናለሁ።

በዚህ ዓይነት፣ ግማሹ ከኋላ ግማሹ ከፊት፣ ነገሩ ደረሰኝ። አንድ ጀርመናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። የአፍሪካንና የደቡብ አሜሪካን ዳርቻዎች መገጣጠም ብቻ ሳይሆን በሁለቱም በኩል ያለው ዐለትና ዐለት ውስጥ የተቀበረው የእንስሳ አጥንት አንድ መሆኑን አሳየ፤ አህጉራት ሁሉ ድሮ አንድ ነበሩ፣ ተለያይተው እየተጓዙ ነው አለ። ሳቁበት። ይህን ሁሉ የብስ የሚገፋው ምንድን ነው ሲሉት መልስ አልነበረውም። መልሱን ሳያገኝ ሰሜን በረዶ ላይ ሞተ። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ መርከቦች የባሕሩን ጥልቀት እየለኩ ያን የተራራ ስፌት አገኙ። ከስፌቱ የጋለ ዐለት ከሥር ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። ማስረጃውም የሚያስደነግጥ ነው። ዐለት ሲቀዘቅዝ የዘመኑን የሰሜን አቅጣጫ እንደ ኮምፓስ ይይዛል፤ ሰሜን ደግሞ በየዘመኑ ይገለበጣል። በስፌቱ ግራ የተገኘው መስመር በቀኙ ተደግሞ ተገኘ፣ በስፋቱ ልክ። ይህን ያነበብኩ ቀን ወረቀቱ በርበሬ የተጠቀለለበት ስለነበር እያስነጠስኩ ነው ያነበብኩት።

የጎደለኝ ገጽ ነበር። አዲስ ወለል ሁልጊዜ የሚወለድ ከሆነ አሮጌው የት ይደርሳል የሚለውን የያዘው ገጽ ነው። ሰማያዊ ሥዕል የሌለበት ሳይሆን አይቀርም፤ ከማን ቤት ጨው ጋር እንደሄደ አይታወቅም። እኔ ግን እንደጎደለኝ አላወቅኩም። ስለዚህ ራሴ መልስ ሰጠሁት። ወለሉ ከጨመረ ምድር ታድጋለች ማለት ነው አልኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሌላም ያየሁት ነገር ነበር። ያ ስፌት በአንዱ ገጽ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ፣ በአፋር አድርጎ፣ ወደ እኛ ሐይቆች ይወርዳል። ከሆሳዕና ወደ ሀላባ የሚወርደውን መንገድ የሄደ ሰው ያንን ገደል ያውቀዋል። ምሥራቁ ከምዕራቡ እየተለየ ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን፣ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ገና ሳይረሳ፣ ይህን በአፌ አውጥቼ ለማንም አልተናገርኩም። ያንን ገጽ ያገኘሁ ዕለት አቃጥዬዋለሁ። ሞኝ አልነበርኩም።

የቀረውን ግን አስተማርኩ። ለምን እንዳስተማርኩ ስጠየቅ ኖሬያለሁ። ደስ ስላለኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የቡላ አጥሚት ድስት ላይ ሲንተከተክ መሐሉ እየፈላ ይወጣል፣ ላዩ ላይ የረጋውን ስስ ቆዳ ሰንጥቆ ወደ ዳር ይገፋዋል አልኳቸው። አጥሚት የማያውቅ ተማሪ ስላልነበረኝ ወዲያው ገባቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ታዲያ አሮጌው የት ይሄዳል አለች። የትም አይሄድም፣ ምድር ትወፍራለች አልኩ። ሁሉም ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ከእኔ ጋር ቤት ተጋርታ የምትኖር የቤት አያያዝ አስተማሪ ነበረች። ሁለት ክፍል፣ አንድ ማድቤት። ጉንጬን የምትስመው እሷ ናት። አልጋዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ አንድ ሁለት ጊዜ አገኘችኝ። የድሮ ፈተና ነው አልኳት። የድሮ ፈተና እንዲህ ያምራል እንዴ አለችና ሳቀች። የሳቀችው ሳቅ ያን ዕለት ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ አንድ ሰው መጣ። ኮሌጅ አብረን ተምረናል። ስለ እሱና ስለ እኔ ሌላ ነገር የሚያወሩ ነበሩ፤ እሱን እዚህ አላነሣም። ያኔ ማስታወሻዬን እየተዋሰ ይገለብጥ እንደነበር ግን እናገራለሁ፤ ሥዕሎቼን ጭምር ይገለብጥ ነበር። ከዚያ ሞስኮ ተልኮ ሲመለስ የአውራጃው ትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር ሆነ። በካኪ ኮቱ ደረት ላይ የምትቀላ ትንሽ ዓርማ ነበረችው፤ ሲናገር አልፎ አልፎ ይነካታል።

ክፍሌ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ያን ቀን ያስተማርኩት ስለ ንፋስ ነበር። እሱ ግን ከጎኑ የተቀመጠውን ተማሪ ደብተር አንሥቶ ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር። አንዱ ገጽ ላይ ሲደርስ መግለጡን አቆመ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ስጨርስ አመሰገነኝ፤ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ወጣ። ዓርብ ከሰዓት በውይይት ክበብ እንደምንገናኝ የነገረኝ ዳይሬክተሩ ነው፣ ፊቴን ሳያይ።

እስከ ዓርብ አራት ቀን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ገጾቹን አንድ በአንድ ከማንቆርቆሪያ ሥር አቃጠልኩ። የቤት ጓደኛዬ ውኃ ልትቀዳ እስክትወጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ያ ወረቀት የሚያብለጨልጭ ዓይነት ስለሆነ ቶሎ አይነድም፤ ይጠቁራል እንጂ ፊደሉ ከነሥዕሉ ቆሞ ይታያል። በማማሰያ ፈጨሁት።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሰው እስኪወጣ ሩብ ኪሎ ጨው የምገዛ መስዬ ቆየሁ። ደብተር መወሰዱን ነገርኳቸው። ከየት አመጣሽ እንደሚሉኝም ነገርኳቸው። እሳቸው ሚዛኑን ያዩ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ሁለተኛ ከገባሁ አልወጣም» አሉ። ጮክ ብለው አይደለም፤ የጨው ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት።

ጆንያዎቹን ያቃጥሉ አልኳቸው። ሦስት ጆንያ ሲነድ ጭሱን ቀበሌው አያይም ወይ አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉና፣ የኋላው ግድግዳ ምርጊቱ ረግፏል አሉ።  በማግሥቱ በዚያ ሳልፍ ጭቃ ከጭድ ጋር ሲረግጡ አየሁ፤ ጭቃው ውስጥ የተነከረ ወረቀት እንደ ገንፎ ላቁጧል። እስከ ሐሙስ ያ ግድግዳ ተመርጎ አለቀ። እኔ ግን አላለቀልኝም። ወረቀቱ ቢጠፋ ሰው አይጠፋም። ከተማው ሁሉ ጨው የገዛው በዚያ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያን ሱቅ ከእኔ ጋር ቢያያይዘው በቂ ነው። የሚያያይዘው ደግሞ የእኔ አፍ ነበር። እየመቱ ስም ቢጠይቁኝ እችላለሁ ወይ እያልኩ እግሬን አየው ነበር። ጫማዬን አውልቄ የውስጥ እግሬን ያየሁት ያኔ ነው። ሰው ውስጥ እግሩን የሚያየው እሾህ ሲወጋው ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ዓርብ መጣ። ውይይት ክበቡ በየሳምንቱ የሚደረግ ነው፤ መምህራን ተሰብስበን ጽሑፍ እናነባለን፣ ከዚያ ሂስና ግለሂስ ይባላል። ሌላ ጊዜ ሂሱ አርፍዶ ስለ መጣ ሰው ነው። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የተማሪው ደብተር ነበር። ከጎኑም የማላውቀው ሰው ተቀምጧል፤ ከአውራጃው ነው ተባለ፣ ከየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልተባለም። ሰውየው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አልተነፈሰም። እስክሪብቶው ብቻ ክፍት ነበር።

የሞስኮው ሰው ተነሥቶ ገለጻ አደረገ። ምድር የምትንቀሳቀሰው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፣ ታላላቆቹ የሶቪየት ሊቃውንት በቁፋሮ አረጋግጠውታል አለ። አህጉር ወደ ጎን ይጓዛል የሚለው ከአትላንቲክ ማዶ የመጣ፣ ካርታ በመቀስ እየቆረጡ የሚጫወቱ ሰዎች ሐሳብ ነው አለ። ከዚያ ዓርማውን ነካ።

«ጓድ መምህርት» አለኝ፣ ኮሌጅ በስሜ ሲጠራኝ የኖረው ሰው፤ «ይህን ከየት አመጣሽው?»

መጀመሪያ ዳይሬክተሩን ነበር ያየሁት። የትምህርት ዕቅዴን በየሳምንቱ የሚፈርመው እሱ ነው፤ አህጉራት እንዴት እንደሚጓዙ የሚለውም ዕቅድ ላይ ፊርማው ነበረ። ማየቴን አይቶ ተነሣና፣ ፈርሜያለሁ እንጂ አላነበብኩም አለ። ይህን ያለው በኩራት ነበር ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የቤት ጓደኛዬ እጇን አወጣች። ማንም አልጠየቃትም። ቤት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ስታነብ አይቻታለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም አለች። አላውቅም ያለችው ለእኔ አዝና እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ነግራኛለች። አመስግኚኝ ማለቷ ነው።

«ወረቀቱ የምን ነበር?»

«የድሮ ፈተና ነው» አልኩ።

«ሐሳቡስ?»

 ያ እስክሪብቶ ይታየኛል። የጋሼ በርጩማ ይታየኛል። መጽሐፍ ላይ አየሁት ብል የትኛው መጽሐፍ ይሉኛል። ሰው ነገረኝ ብል ማን ይሉኛል። የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ከራሴ ነው» አልኩ።

«ከራስሽ?»

«እኔ ነኝ ያሰብኩት። ካርታ ሳይ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳል ሳል አደረገ። የሞስኮው ሰው ደብተሩን ከፍቶ ፊቴ ያዘው። የአጥሚቱ ድስት ተስሏል፤ ልጁ እጀታ ሳይቀር ሠርቶለታል።

«እሺ። የባሕር ወለል ይወለዳል ብለሻል። አሮጌው የት ይሄዳል?»

«የትም። ምድር ትወፍራለች።»

«ምን በልታ?»

ሳቅ ተነሣ። የስፖርት አስተማሪው፣ ቀበሌው ራሽን ጨምሮላት ይሆናል አለ። ወዲያው ሳቁ ተቆረጠ፤ ስለ ራሽን መቀለድ ቀልድ አልነበረም። የስፖርት አስተማሪው ፊት አመድ መሰለ። ሁላችንም ያን ባለ እስክሪብቶ ሰው አየን። እሱ ከንፈሩን ትንሽ ነቅነቅ አደረገ። ዳይሬክተሩ ያንን አይቶ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ከበፊቱ ይልቅ ከፍ ባለ ድምፅ።

የሞስኮው ሰው ግን አልሳቀም። ሰው አንድ ነገር ጠብቆ ሌላ ሲያገኝ እንደሚሆነው ግራ ተጋብቶ ነበር። ወደ ባለ እስክሪብቶው ዞሮ፣ ይህን እኮ ኢምፔሪያሊስቶቹ ራሳቸው አይሉትም አለ። እነሱ የሚሉት፣ አሮጌው ወለል ዳር ላይ ሲደርስ ጥልቅ ገደል ውስጥ ገብቶ ወደ ምድር ሆድ ተመልሶ ይወርዳል ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ምድር ባለችበት መጠን ትቆያለች። ሞስኮ ሊያስተባብሉት አንብበነዋል፣ አውቀዋለሁ። ይህቺ ያንን አንብባ ቢሆን ኖሮ ትወፍራለች አትልም ነበር። ይህ ከየትም አልተቀዳም፤ የራሷ ቅዠት ነው።

የጎደለኝን ገጽ የሰማሁት እንዲህ ከእሱ አፍ ነው። አንድ ሰው መታሰሬንና አለመታሰሬን ሊጽፍ ተቀምጦ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። አጥሚት ላይ ዳር የደረሰው ቆዳ ተጨማድዶ ወደ ታች ይጠልቃል። ያን ድስት ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬ ዳሩን አላየሁትም ነበር። ልክ ነህ ልለው ምንም አልቀረኝም። ጥርሴን ነከስኩ።

ባለ እስክሪብቶው ሰው ክዳኑን ገጠመ። ያ ትንሽ የክዳን ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ሲሰቀል፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ፣ ግለሂስ አደረግኩ። አህጉራት አይንቀሳቀሱም፣ ይህን ያመጣሁት በንዑስ ከበርቴ ትዕቢት ተነሣሥቼ ከራሴ ፈጥሬ ነው አልኩ። ሁሉንም ነገር ክጄ አንድ ውሸት ጨመርኩበት፤ ያ ውሸት ደግሞ አንድ ሰው አተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ወፍራሟ ሆነ። ያኔ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጭን ነበርኩ፤ ቀልዱ እሱ ነው። መንገድ ላይ፣ ወፍራሟ፣ ምሳ በላሽ ይሉኛል። ያንን ስም የሚያውቁ ዛሬ ሽበት ያወጡ ሰዎች አሉ፤ አሁንም ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ። ፈገግታቸውን አየዋለሁ።

ከሆሳዕና ወጣ ወዳለችው ወደ ጊምቢቹ አዛወሩኝ። ከመሄዴ በፊት ለስንብት ወደ ጋሼ ሱቅ ገባሁ። ሰው ነበረ። የማያውቁኝ መስለው፣ ምን ልስጥሽ እመቤት አሉኝ። ጨዉን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ፈርተው ነው፤ እኔም በፍርሃት ነው የኖርኩት፣ ፍርሃት ሲያዩት ይታወቃል። ግን እመቤት ብለውኝ አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ሰላምታ አልላኩልኝም።

ጊምቢቹ ሳለሁ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ አዲስ የማስተማሪያ መጽሐፍ መጣና ለሥልጠና ሆሳዕና ጠሩን። መጽሐፉ ውስጥ አህጉራት ይጓዛሉ፤ ስፌቱም አለ፣ የሚወርደው ወለልም አለ። አሠልጣኙ ያው የሞስኮ ሰው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስረዳን ሰሌዳው ላይ ድስት ሳለ። እጀታ ሳይቀር። ዕረፍት ላይ ቀርቦ ሰላም ሲለኝ፣ እንግዲህ ሳይንስ ያድጋል አለኝ። ማን እያሳደገው እንደሆነ አልተናገረም። ዓርማው ኮቱ ላይ አልነበረችም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህንን ሁሉ ባልጻፍኩት ነበር። የሚጻፈው ቀጥሎ ያለው ነው።

አንድ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ነበሩ። ወደ ጊምቢቹ ገበያ ዕቃ ጭነው ሲመጡ መኪናዋ ከከተማው መግቢያ ጭቃ ውስጥ ሰጥማለች። ሲያነክሱ ውኃ ከኮታቸው ይንጠፈጠፋል። ሌላ የሚያውቁት ቤት አልነበራቸውም። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ቃል በእግሩ መጣልኝ ብዬ አሰብኩ። አንዲት ቃል ናት፤ እግዜር ይስጥልኝ ወይም አላህ ይስጥልኝ፣ የፈለጉትን ይበሉ። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ቆጮውን ከምጣዱ አወጣሁ፣ ጎመንና አይብ ነበረኝ። የእጅ ውኃ ይዤ ስቀርብ እጃቸውን አልዘረጉም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከዚያ ብታበይኝ አብይኝ» አሉ።

«ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ያን ዓርብ ስምሽ እንደሚጠራ ሰምተን ከባለቤቴ ጋር ተማከርን። ቢመጡብን፣ ወረቀቱን ያመጣችው መምህርቷ ናት፣ አደራ አስቀምጡልኝ ብላን ነው እንበል ተባባልን። ሁለታችን አንድ ዓይነት ቃል እንዲወጣን እንደ ዱዓ አጠናነው።»

ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ነበር። ውኃው ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር አስተዋልኩ።

«እኔ ስምዎን ጠርቼ ቢሆን ነው?»

«አይደለም» አሉ። «ብትጠሪም ባትጠሪም ነበር።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እነዚያ አራት ቀናት ተመልሰው መጡብኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ውስጥ እግሬን ሳይ፣ እሳቸው ደግሞ ከዚያ ማዶ፣ ከተመረገው ግድግዳ ጀርባ፣ ስሜን ሲያጠኑ። ከራሴ ነው ብልም ባልልም፣ ላንድሮቨሩ ከመጣ የሚመጣው ወደ እኔው ነበር። ያኔ ያልፈራሁትን ፍርሃት እዚያ ምድጃ አጠገብ ፈራሁት። 

«አሁን ለምን ነገሩኝ?»

«ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ከገበታሽ አልቀርብም። ቂም የተያዘበት እህል አይወርድም።» ወደ በሩ አዩ። «ዝናቡም አያቆምም።»

ይውጡ ማለት እችል ነበር። አስቤዋለሁ። ማን ይፈርድብኛል? ግን ከሁሉም፣ ከዳይሬክተሩም፣ ከቤት ጓደኛዬም፣ ሳይንስ ያድጋል ካለኝም፣ መጥቶ አፍ አውጥቶ የነገረኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን ለምስጋና አልጻፍኩትም። እንዲያው ስለሆነ ነው።

ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ተመለስኩና አስታጠብኳቸው። ገበታውን አቀረብኩ። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ፤ ርቧቸው ነበር።

«አንቺስ፣ ብዪ እንጂ» አሉኝ።

ቀደም ብዬ በልቻለሁ አልኳቸው። አልበላሁም ነበር።